ጋሼ ታደለና ዘፋኞቹ ወርቅ ቆፋሪዎች

ኮሮና ጆሃንስበርግን ጭር ያደረጋት ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሜይፌር ሰፈር ያለው ቤታችን ሁለት መኝታ ቤትና አንድ ጠባብ ሳሎን ነበረው። ሳሎኑን የያዘው የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ታደለ ነው። ለአንድ ሳምንት ብሎ መጥቶ መንገድ ሲዘጋ እኛው ጋ ቀረ፤ መንገዱ ከተከፈተ በኋላም አልሄደም። ከሻንጣው ያወጣው ቁም ነገር ቢኖር አንድ የድሮ ፊልም ነበር፤ ወርቅ ፍለጋ የዘመቱ ጢማሞች ጭቃ ላይ እየተንከባለሉ የሚዘፍኑበት ሙዚቃዊ ኮሜዲ።

በየቀኑ ያየዋል። እንግሊዝኛውን እያጣመመ አብሮ ያንጎራጉራል፣ ቀልዱ ሳይደርስ ይስቃል፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አየሽ? ጀብደኛ ማለት ይሄ ነው። ይህን የወርቅ ከተማ የሠሩት እንዲህ ያሉ ወንዶች ናቸው፤ እኔም ብሆን ከነሱ አላንስም" ይለኛል። ከሶፋው ተነስቶ ፍሪጁ ጋ የሚያበቃ ጀብዱ! መጀመሪያ ላይ ግን እኔም እስቅ ነበር፤ ዜማው ጆሮ ይይዛል፣ አልዋሽም።

እናቴ ነርስ ናት። ከሆስፒታል ስትመለስ ጓሮ ልብሷን ቀይራ ነው የምትገባው፤ የበረኪናው ሽታ ይቀድማታል። አንድ ቀን በር ላይ ቆማ ፊልሙን ጥቂት አየችና፣ "እኔ ክፍል የተኙት ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርቅ ሲቆፍሩ የኖሩ ናቸው" አለች። "ሳንባቸውን አቧራ ጨርሶታል። እንኳን ሊዘፍኑ ስማቸውን ተናግረው አይጨርሱም።"

ጋሼ ታደለ የፊልሙን ድምፅ ጨመረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እነዚያ ጥርሳቸው የሚያብለጨልጭ ጢማሞች አስጠሉኝ።

በሐምሌ ብርድ እማዬ ራሷ ታመመች። አንዱን መኝታ ቤት ዘግታ ተኛች። ሳሏ ሲሰማ ጀብደኛችን ፎጣ አምጥቶ የሳሎኑን በር ሥር ወተፈ፤ ከዚያ አባቴን፣ "ሌላ ቦታ ትሂድ እንጂ፣ ሁላችንንም ልትጨርሰን ነው?" አለው። አባቴ አንገቱን ደፋ። እሱንም ያን ጊዜ ናቅኩት።

ተነስቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። "ቤቱ የእሷ ነው። የፈራ ይውጣ!" አልኩ።

"ታላቅሽን እንዲህ ነው የምታናግሪው? ወንድሜ፣ ንገራት እንጂ!"

አባቴ ቀና አለ። "ልክ ናት" አለ በቀስታ።

በማግስቱ ጋሼ ታደለ ማስክ ደርቦ፣ ፊልሙን ይዞ ዳቬይተን ወዳለ ጓደኛው ሄደ። እማዬን ደህና ሁኚ እንኳን አላላትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አጥሚት በሯ ላይ አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ፣ ትንፋሿን ከውጭ ቆሜ አዳምጥ ነበር። በመጨረሻ ግድግዳውን ተደግፋ ስትወጣ የጠየቀችኝ፣ "በልተሻል?" ብላ ነው።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። በቅርቡ አንድ ሠርግ ላይ ጋሼ ታደለ ሱፉን ለብሶ ለጠረጴዛው ሰው ሁሉ፣ "በኮሮና ጊዜ የወንድሜን ሚስት ያስታመምኳት እኮ እኔ ነኝ" ሲል ሰማሁት። ሰዎቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ዛሬም ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ የምታርፈው እናቴ አጠገቤ ነበረች። ክንዴን ያዝ አደረገችና፣ "ተይው፣ ሰው ፊት ነው" አለችኝ።

ልጅ ሆኜ ንቀቴን በጩኸት ተናግሬዋለሁ። አሁን ትልቅ ሰው ነኝ። ፈገግ ብዬ ሄድኩና፣ "ጋሼ፣ ደህና ነህ?" ብዬ ጉንጩን ሦስቴ ሳምኩት።