የእትዬ አስቴር ወንበር

ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተሮች ሁሉም በአንዴ ስታክ አደረጉ። ወጣቶቹ «ቫይረስ ነው»፣ «ሰርቨሩ ነው» እያሉ ሲጨቃጨቁ «መጀመሪያ ማን እንደገባ ንገሩኝ» አልኳቸው። «ጋሼ ደግሞ!» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ! እኔ ይህችን ጥያቄ የተማርኳት ቦንጋ ነው።

ትምህርቴን እንደጨረስኩ ቦንጋ በሚገኝ አንድ ቡና ገዢ ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። ክረምት ነበር። ከጅማ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ በጭቃው እየተንሸራተተ አስገባኝ፤ ልብሴም እስከ መስከረም በቅጡ የደረቀ አይመስለኝም። ጠዋት ጠዋት የማንኪራን ጫካ ማር በትኩስ ዳቦ ባልበላ ኖሮ ያን ብርድ አልችለውም ነበር።

የቢሮው ኮምፒውተሮች ሥራ መሃል ድርቅ ይሉና ትንሽ ቆይተው በራሳቸው ይነሳሉ። ሥራ አስኪያጁ ነገሩ እሳቸው ሲገቡ እንደሚሆን አስተዋሉ። «ስገባ ይደርቃል፣ ስወጣ ይሠራል። ኮምፒውተር ሰው ያውቃል እንዴ? ይቺ መዝጋቢ የምትደብቀው ነገር አለ!» ብለው የቡና ገቢ መዝጋቢዋን እትዬ አስቴርን ጠረጠሩ። እስከ ዓርብ ምክንያቱ ካልታወቀ ሊያባርሯቸው ቆረጡ። እትዬ አስቴር ባላቸው ሞቶ ልጆቻቸውን ለብቻቸው የሚያሳድጉ ሴት ናቸው።

«እግዜር ያውቃል ልጄ፣ ምንም አልነካሁም» አሉኝ እያለቀሱ።

«እኔ እያለሁ? አይዞዎት!» አልኳቸው። ጉራዬ አይጣል ነበር፤ ግን እውነቴን ነው፣ እንደማገኘው አልተጠራጠርኩም። ቫይረስ ፈለግሁ፣ ሰርቨሩን ፈታትቼ ገጠምኩ። ጠብ ያለ ነገር የለም።

ሐሙስ ዕለት ሥራ አስኪያጁ በሌሉበት ከቢታ ገነት የመጡ አንድ ሽማግሌ ቡና አቅራቢ ገቡ። ቢሮው በሙሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። «በእግዜር፣ በእግዜር!» አሉ ሽማግሌው። ዞር ስል ኮምፒውተሮቹ ደርቀዋል።

እኔ ከጠዋት ጀምሮ ስገባ ስወጣ ምንም አልሆኑም። ለኔ ለጎረምሳው ማን ይነሳል? ዓይኔ እትዬ አስቴር ላይ አረፈ። ደልደል ያሉ ሴት ስለሆኑ ሲነሱ ወንበራቸውን በኃይል ወደ ኋላ ይገፉታል። ጎንበስ ብዬ የፕላስቲክ ምንጣፉን ገለጥኩት። ሁሉንም ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድ በወንበሩ እግር ተረግጦ ተጠፍጥፏል። ወንበሩን ሳብ ሳደርገው ኮምፒውተሮቹ ነፍስ ዘሩ።

ዓርብ ሥራ አስኪያጁን «እስቲ ወጥተው ይግቡ» አልኳቸው። ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሳ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ ደረቀ። ወንበሩን ሳብኩት፣ ሠራ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ምንጣፉን ገልጠው ገመዱን አዩ።

«ለኔ ክብር ተነሥተው ነው እንዴ የወነጀልኳቸው?» አሉ ቀና ብለው። «እትዬ አስቴር፣ ይቅር ይበሉኝ። ይቀመጡ።»

«እርስዎ ቆመውማ አልቀመጥም» አሉ እትዬ አስቴር፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ያለፈው ሳምንት የአሁኑ መሥሪያ ቤታችን ችግር ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬ ማን ለማን ይነሳል ብላችሁ ነው! እትዬ አስቴር ጡረታቸው እስኪደርስ እዚያው ቦንጋ ሠሩ። ዘንድሮ ሺሺንዳ ከተማ ልጃቸው ቤት ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጉልበታቸው ደክሟል። በሩ ላይ ሲያዩኝ ከዘራቸውን ፈልገው፣ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው «ኖር ልጄ!» ብለው ተነሡልኝ። ለኔ! «በእግዜር፣ ኧረ በእግዜር!» እያልኩ ሮጬ ወንበራቸውን ያዝኩላቸው።