ቁልቁለት ላይ የሚጮኽ ሞተር

ቤቴ ጎባ ዳር ላይ ነው፤ ከሳነቴ የሚወርደው መንገድ ከተማውን የሚነካበት ቦታ። ከደሎ መና የሚመጣ ሁሉ በደጄ ያልፋል። እዚህ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ አይሱዙ ይሁን አውቶቡስ ሳላይ በጆሮዬ እለያለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ይህን ግን መንገዱ ራሱ አስተምሮኛል።

ልጄ ደሎ መና በነርስነት ትሠራለች። ቅዳሜ መጥታ ሰኞ ማለዳ ትመለሳለች። መጀመሪያ በአውቶቡስ ነበር የምትመላለሰው። አውቶቡሱ ካልሞላ አይነሳም፤ ከተነሳም ሳነቴ ላይ ጉም ከያዘው ማታ ነው የሚገባው። አንድ ቅዳሜ ግን ከሥራ ባልደረባዋ የገዛችውን ሞተር ሳይክል እየነዳች መጣች። ቢሮዎች ለሠራተኛ የሚሰጡት ዓይነት ቀጭን ሞተር አልነበረም። ቁመቱ ከወገቤ በላይ፣ ባለ ስድስት ማርሽ፣ ለእሽቅድምድም የተሠራ ነገር ነው። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አሻግራ አየችና፣ "ይቺ ልጅ ባል አምጪ ስንላት ፈረስ አመጣች" አለች። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ለእኔ የፍርድ ቀን ሆነ። ከተራራው በኩል እስከ ደጄ ድረስ አራት ትልልቅ መታጠፊያዎች አሉ። ልጄ ስትመጣ ሞተሩ በእያንዳንዱ መታጠፊያ አፋፍ ላይ እሪ ይላል። ሌላው መኪና ዝግ ብሎ በሚወርድበት ቁልቁለት የእኔ ልጅ ሞተር ይጮሃል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ የሚጮህ ሞተር የሚሮጥ ሞተር ነው። እሷ ደጅ እስክትደርስ ድረስ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እቆማለሁ። ስትደርስ እቆጣለሁ፤ ከተቆጣሁ በኋላ አበላለሁ።

በአራተኛው ሳምንት አልቻልኩም። ሄልሜቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ያዝኳት። ቁልቁለት ላይ ዳግመኛ እንዳታስጮኸው በእኔ ሞት እንድትምልልኝ ለመንኳት። ጩኸቱ ፍጥነት እንዳልሆነ ልታስረዳኝ ጀመረች፤ አላስጨረስኳትም። አለቀስኩ። እናት ስታለቅስ ማን ክርክር ይችላል? "እናቴን፣ ቁልቁለት ላይ አላስጮኸውም" ብላ ማለች።

ቀጣዩ ቅዳሜ ሞተሩ እንደ ድመት ሹልክ ብሎ ደጄ ደረሰ። የሚቀጥለውም እንዲሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ልጄ ሰው ሆነች፣ በቃሏ ትገኛለች ብዬ ለጎረቤቴ ነገርኳት። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ከመጨረሻው መታጠፊያ በኩል ጠጠር ሲንሿሿ ሰማሁ። ከዚያ ሁሉ ነገር ዝም አለ።

በአንድ እግሬ ጫማ፣ በአንዱ ባዶዬን ሮጥኩ። ልጄ ከመንገዱ ወጥታ የታጨደ የገብስ ማሳ ውስጥ ቆማለች። ሞተሩ በጎኑ ተኝቷል። ከኋላ ጎማው ጭስ ይወጣል፤ የተቃጠለ ብረት ይሸታል። ጉልበቷ ተልጧል፤ ሌላ አካሏ ደህና ነው። ፊቷን፣ ክንዷን፣ ጀርባዋን ዳሰስኩ። እሷ ራሷ ነርስ ሆና ሳለ እኔ ነበርኩ የምመረምረው።

"ፍሬኑ እምቢ አለኝ፣ እማ" አለች።

ቤት ገብተን ጉልበቷን ካጠበች በኋላ ነገረችኝ። ከላይ ጀምሮ በአምስተኛ ማርሽ ነው የወረደችው። በትልቅ ማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ድምፅ የለውም፤ ክብደቱን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬኑ ደግሞ ያን ሁሉ ቁልቁለት ብቻውን ሲይዝ ግሎ ግሎ፣ መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሲረግጡት ባዶ ሆነ።

"ታዲያ ለምን ማርሽ አልቀነስሽም?" አልኳት።

"ከቀነስኩ ይጮሃላ።"

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ወደ መሬት አየች።

"በአንቺ ሞት አስምለሽኝ" አለች ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሁለት ሳምንት ሙሉ በዝምታው ስደሰት፣ የተደሰትኩት ልጄን ሊገድል በነበረ ነገር ነው። ከፍርሃቴ ያወጣሁት መላ ከፍርሃቴ የባሰ ሆኖ ተገኘ።

ቢሆንም ነገሩ አልገባኝም ነበር። የሚጮህ ሞተር እንዴት ያዘገያል? ጉልበቷን ስጠቀልል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያደግኩት ሲናና ነው። ገብስ በአህያ ጭነን ወደ ገበያ ስንሄድ በመካከል አንድ ገደላማ ቁልቁለት ነበር። አባቴ ከፊት ይመራል፤ የእኔ ሥራ ከኋላ ሆኜ የአህያዋን ጭራ መያዝ ነው። ካልያዝኳት ጭነቱ አንገቷ ላይ ይመጣና ይደፋታል። ተረከዜን አፈሩ ውስጥ ተክዬ ወደኋላ እየጎተትኩ እስከ ታች እጮህ ነበር። አህያዋ ዝም ትላለች፤ የምጮኸው እኔ ነኝ።

"ሞተሩ የሚጮኸው ጭራውን ይዞ ነው በይኛ" አልኳት።

ልጄ ጉልበቷ እያመማት ሳቀች። ለሥራ ባልደረቦቿ ይህን ያህል አሳጥራ አስረድታ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

ሞተሩን ሮቤ ወስዳ ፍሬኑን በሙሉ አስቀየረች። እኔ ደግሞ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። መሐላ መሐላ ነው፤ በገዛ ቃሌ ተሽሯል ብዬ ልለፈው አልደፈርኩም። ታሪኩን ለአባ ነገርኳቸው። ማርሽ የሚባል ነገር በንስሐ ሲመጣላቸው የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ስግደት ሰጡኝና፣ "ልጅሽን ፈትቻታለሁ። አንቺ ግን ከእንግዲህ የማታውቂውን ነገር አታስምዪ" አሉኝ።

"እንግዲያው ሄጄ ልወቀው፣ አባ" አልኳቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ከልጄ ኋላ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ሄልሜት አጥልቄ። ጎረቤቴ አየችኝና ፈረሱ ሁለት ሙሽራ እንደያዘ ተናገረች። ልጄን "ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በይ" እያልኩ ጎኗን ጨምድጄ ያዝኩ። እሷም በእርግጥ ቀስ ብላ ነው የሄደችው።

ሽቅብ ስንወጣ በግራ እግሯ የምታደርገውን አየሁ። ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር፣ ሳይንገጫገጭ አንድ ማርሽ ትቀንሳለች። ሜዳ ላይ ደግሞ ድምፁ ሞልቶ ሳይሰነጠቅ ትጨምራለች። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው፤ የፍጥነቱን ቁጥር አታይም፣ ድምፁን ትሰማለች። ይህንስ እኔም እችላለሁ አልኩ በልቤ።

ከላይ አዞረችና መውረድ ጀመርን። መታጠፊያው ገና ሳይደርስ፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት ቦታ፣ ፍሪሲዮኑን ይዛ ማርሹን አንድ ረገጠችው። ሞተሩ ጮኸ። እኔም ጮኽኩ። ግን ሰውነቴ ወደፊት፣ ወደ ጀርባዋ ሄደ፤ ፍጥነታችን ተያዘ። ቀስ ብለን ዞርን። መታጠፊያው ውስጥ እግሯ ምንም አልነካም። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ ሞተሩ እየዞረ ሳለ ማርሽ ከቀነሰች ጎማው ጠጠሩ ላይ ሊንሸራተት እንደሚችል ነገረችኝ። ሁሉ ነገር መታጠፊያው ላይ ሳይደርሱ ማለቅ አለበት። በሁለተኛው መታጠፊያ አልጮኽኩም። በሦስተኛው፣ ከእሷ ቀድሜ "አሁን" አልኳት፤ እግሯ በዚያችው ቅጽበት ወረደ።

ባለፈው ቅዳሜ ጉም እስከ አጥሬ ወርዶ ነበር። ከጎረቤቴ ጋር ደጅ ላይ ምስር እየለቀምን ነበር። ከላይ አንድ ጩኸት መጣ። አንድ አልኩ። ቆይቶ ሁለት። ከዚያ ሦስት።

"ይኸው ዛሬም አስጮኸችው፤ አትቆጪያትም?" አለች ጎረቤቴ።

እጄን አንስቼ ዝም አሰኘኋት። አራተኛው አልመጣም። ምስሩ ጣቶቼ መሃል ቀረ። ጎረቤቴም ነገሩ ገብቷት አንገቷን ወደ መንገዱ ዘረጋች። በጉሙ ውስጥ የጋሪ ፈረስ ቃጭል ብቻ ይሰማል። ቃጭሉ አለፈ፤ ራቀ። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ፣ ድምፁ ሞላ፣ አንድ ማርሽ ተጨመረ፣ ከመታጠፊያውም በፊት እሪ ብሎ ጮኸ።

"ተመስገን" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች ጎረቤቴ።

ልጄ ሄልሜቷን እያወለቀች ገባች። ጋሪ ለማሳለፍ ቆማ እንደነበር፣ ጉሙም ጉም እንዳልሆነ፣ ወተት እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ እንደ ልማዷ ጠየቀችኝ።

"ስንት ቆጠርሽ?"

"አራት" አልኳት፤ ምስሩንም ይዤ ወደ ማድቤት ገባሁ።