ሶላንጅ ሳኑ መምህሯን ሸጠች ስለመባሉ

ቦቦ-ዲዩላሶ ከተማ ውስጥ ሰሞኑን የሚወራው እንዲህ ነው፤ የማሽላ ጠላ ጠማቂዋ ሶላንጅ ሳኑ በልጇ ሠርግ ላይ የፈረንሳይኛ መምህሯን፣ እዚያው በፈረንሳይኛ ሸጠችው። የገዙትም ከድንበር ማዶ፣ ከሎሜ የመጡት አማቾች ናቸው። አንዳንዱ እንዲያውም መምህሩን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ ከፍየሎች መሃል ታስሮ አየሁት ይላል።

እኔ አላመንኩም። አንደኛ፣ መምህሩን ዬሮ ባሪን ከሠርጉ በኋላ ፀጉሩን ሲቆረጥ አይቼዋለሁ። ሁለተኛ፣ ሶላንጅን አውቃታለሁ። ቱኑማ ሰፈር ጠላ ቤቷ ያለው አግዳሚ ወንበር የኔን መቀመጫ ቅርጽ ይዟል። ሶላንጅ ሳትመርቅ የምትሸጠው ነገር የለም፤ መምህር የሸጠ ሰው ደግሞ ምን ይመርቃል?

ነገሩ የተጀመረው በትልቋ ልጇ በዦርዤት ሠርግ ነው። ሙሽራው የኮቶኑ ሰው ነበር፤ ከወገኖቹ ጋር የሚያግባባው ፈረንሳይኛ ብቻ፣ ሶላንጅ የምታውቀው ደግሞ ቦቦኛና ዲዩላ ብቻ። ባሏ ሞቷል። ስለዚህ የባሏ ወንድም ቆሞ ረጅም ንግግር አደረገ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ልጅቷ ተሰጠች። ሶላንጅ ለድግሱ እንደተከራዩት ወንበር ጥግ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ምን እንደተባለ ዛሬም አታውቅም።

«ልጄ ስትሰጥ እኔ እንደ ጎረቤት አጨበጨብኩ» ትል ነበር፣ ጠላ እየቀዳች።

ታናሿ ልጇ ክሎቲልድ ለሎሜ ልጅ ስትታጭ፣ ሶላንጅ ማሰሮዋን ከድና በሰፈሩ ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ የሚሰጠውን የአዋቂዎች ትምህርት ጀመረች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ይቺኛዋን በራሷ አፍ መስጠት።

መምህሩ ፉላኒ፣ ከላም አርቢዎቹ ወገን፣ ሆኖ ተገኘ፤ ሶላንጅ ደግሞ ቦቦ ናት። በኛ አገር ቦቦና ፉላኒ ተገናኝተው ካልተሰዳደቡ አንዳቸው ታሟል ማለት ነው። አንዱ ሌላውን አሽከሬ ይለዋል፣ ንብረቱን ሁሉ የኔ ነው ይላል፤ የተቆጣ እሱ ባለጌ ነው።

«ገረዴ መጣች» አለ ዬሮ፣ በሩ ላይ ሲያያት።

«አንተን ደግሞ ፊደል ያስቆጠሩህ ላሞቹ ናቸው?»

ትምህርቱ በዚህ ተከፈተ።

‘የኔ፣ ያንተ፣ የኛ’ ማለትን ዬሮ የሚያስተምረው በድግስ ነበር፤ በክርስትና፣ በአዲስ ዓመት፣ በአረፋ በግ፣ በሠርግ። ሰሌዳው ላይ የልደት ኬክ ቢስል ክፍሉ በሙሉ የከባድ መኪና ጎማ ነው ብሎ ተስማማ። ፈረንሳዮች ለዕቃ ሁሉ ፆታ ስለሚሰጡ ‘የኔ’ ለማለትም ለወንዱ ‘ሞን’፣ ለሴቷ ‘ማ’ ይላሉ። ድግስ ሴት ናት ሲላቸው ሌሎቹ አጉረመረሙ፤ ሶላንጅ ግን ወዲያው ተቀበለች።

«የምትለፋው እሷ ናታ።»

«ስጦታ ግን ወንድ ነው» አላት ዬሮ።

«ለዚህ ነው እመጣለሁ ብሎ የሚቀረው።»

በሳምንቱ ከተማው ውስጥ የሷ ያልሆነ ነገር አልቀረም። ገበያ መሃል ቆማ በጣቷ እየጠቆመች ‘ማ’፣ ‘ሞን’ ስትል ቲማቲም ሻጮች ዕቃቸውን መሸፈን ጀመሩ። ‘ቮትር’ ላይ፣ ‘የእናንተ’ የሚለው ላይ፣ ግን ቆመች። ድግሳችሁ ትላለች፣ በጋችሁ ትላለች። «ልጃችሁ» በይ ሲላት ሳል ይይዛታል። አንድ ቀን ማሰሮዬ ገነፈለ ብላ ሮጣ ወጣች፤ ማሰሮው ያን ቀን እሳት አላየም።

«ያለዚህ እኮ ንግግሩ አያልቅም» አላት ዬሮ። «ልጅቷን ልትሰጪ ነው ወይስ ልታሳዪ?»

«አንተ ላምህን ስትሸጥ ለገዢው ‘ላምህ’ ማለት ይቀልሃል?»

ዬሮ ጠመኔውን አስቀመጠ። «እኛ ላም ስንሸጥ ፊታችንን ዞር አድርገን ነው።»

የሠርጉ ቀን የሎሜ ሰዎች መጡ። ከፊት የሙሽራው አክስት ታንቲ አኩዌሌ ነበሩ፤ ሻሻቸው ከመቆለሉ የተነሳ በሩን ያለፉት በርከክ ብለው ነው። ሶላንጅ ጓዳ ውስጥ ንግግሯን ትለማመድ ነበር። በዚህ መሃል ዬሮ፣ በቦቦ ድግስ ላይ እንዲህ መቀለድ ለፉላኒ ወጉ ነውና፣ ጓደኞቹን አስከትሎ ገባና የቤቱ ጌታ ወንበር ላይ ጉብ አለ።

«ወደ ቤቴ እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ ባማረ ፈረንሳይኛ። «ሙሽራዋ ልጄ ናት፣ ጠላው ጠላዬ ነው። ገረዴ ሶላንጅ አሁን መጥታ ታስተናግዳችኋለች።»

እኛ የሰፈሩ ታዳሚዎች ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የሎሜ ሰዎች ግን ይህን ወግ ከየት ያውቁታል? ታንቲ አኩዌሌ ለቤቱ ጌታ ያመጡትን የጂን ጠርሙስ አስታቀፉት። አረቄ በአጠገቡ አልፎ የማያውቀው ዬሮ እንደ ሰው ጨቅላ ይዞት ደረቀ።

ሶላንጅ ወጣች።

«ገረዷ ይቺ ናት?» ሲል የሙሽራው አጎት ጠየቀ።

«እሷው ናት» አለ ከኋላ አንዱ ፉላኒ፣ ገና ከጨዋታው ያልወጣ።

አጎትየው የክሎቲልድን ፊት አየ፣ የሶላንጅን ፊት አየ፤ ቁርጥ አንድ ናቸው። ኮፍያውን ከጭኑ ላይ አነሳ።

«እናቲቱን ገረድ ካደረጉ ሰዎች ልጃችን አያገባም። ተነሱ።»

የሎሜ ረድፍ በሙሉ ብድግ አለ። የባሏ ወንድም ለንግግር ጉሮሮውን ሲጠርግ ሶላንጅ በመዳፏ አስቀመጠችው። ያጠናችው ሁሉ ከጭንቅላቷ ጠፍቷል። የቀራት ገበያ ውስጥ የተለማመደችው ብቻ ነበር፤ ስለዚህ በጣቷ መጠቆም ጀመረች።

«የኔ ቤት። የኔ ድግስ። የኔ ጠላ።» ከዚያ ዬሮን በጆሮው ይዛ አስነሳችው። «የኔ ፉላኒ። አሽከሬ ነው። እኔም ገረዱ ነኝ። ጨዋታ ነው። ከፈለጋችሁት ውሰዱት፣ የእናንተ ፉላኒ።»

ታንቲ አኩዌሌ ዬሮን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ወጥ ይሠራል?»

«ወተት ያፈላል።»

«ይበላልስ?»

«እሱን ይችልበታል።»

«እንግዲያው ይቅርብን» አሉ ታንቲ፣ ሻሻቸው እስኪናጋ እየሳቁ። አጎትየው ተመልሶ ተቀመጠ፤ የተቀመጠው ኮፍያው ላይ ነው።

ሳቁ ሲበርድ ሶላንጅ የክሎቲልድን እጅ ይዛ ወደ ታንቲ ሄደች። «ልጄ» አለች በፈረንሳይኛ። እኔ እንኳ ሙሉ ቅል ይዤ ሳልጠጣ ቆየሁ፤ ሐኪም ሲለምነኝ የኖረው ነገር ነው። የልጅቷን እጅ በታንቲ እጅ ላይ አኖረችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ቮትር ፊይ» አለች። ልጃችሁ። ዬሮ ጂኑን እንዳቀፈ ተንሰቀሰቀ፤ የሰፈሩ ሰው ተሽጦ ነው የሚያለቅሰው ብሎ ቢያስወራ አይፈረድበትም።

ትናንት ጠላ ቤት ሄጄ ወሬውን ነገርኳት። አረፋውን እየገፈፈች ሰማችኝ።

«ውሸት ነው» አለች። «ማንንም አልሸጥኩም፣ የገዛም የለም። ፈረንሳይኛ የሚባል ነገር አላውቅም። ልጄንም ለማንም አልሰጠሁም፤ ሎሜ ሄዳ ነው እንጂ የኔው ናት።»