እማማ ብርቄ ያላሉት ሸሃዳ

ይህን ለሚስቴም፣ ለሸኻችንም ተንፍሼ አላውቅም። አንባቢዬ፣ የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ። ስትሰማኝ አትዘንልኝ።

እማማ ብርቄ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይተው የኖሩ አሮጊት ነበሩ። ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤል መሆናቸውን ከሰፈሩ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቡዳ እንዳይባሉ ዕድሜ ልካቸውን ደብቀውታል። አንድ ልጃቸው ይርጋ የሚኖረው እስራኤል አገር ነው። ሕመሙ ሲጠናባቸው እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ በሞትኩበት ቀን ቅበረኝ፣ አታሳድረኝ። ለይርጋም ንገርልኝ፤ እንደ ወጋችን ሰባት ቀን ሐዘን ይቀመጥልኝ። በሕይወቴ የደበቅሁትን ስሞት እንኳ አትደብቅብኝ» አሉኝ። «ወላሂ!» አልኳቸው። አዎ፣ ምዬ ነበር።

ዓርብ ረፋዱ ላይ አረፉ። ከቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባታቸው ማን እንደሆነ ተጠየቀ፤ የላቸውም። ጎረቤቱ ሁሉ «ታዲያ ምንድን ናቸው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ኩታበር የአባቴ መሬት አለ። አንድ መኪና ይዤ እዚያ ብቀብራቸው ማን ይከለክለኝ ነበር? ግን በዚያው ሰሞን ልጄን ለመጠየቅ ከኮምቦልቻ ሽማግሌ ተልኮብኝ ነበር፤ ቡዳ ያስጠጋ መባልን ፈራሁ። «ሰልመዋል፤ ሸሃዳ ሲይዙ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልኩ። አልሰማሁም። ዋሸሁ፤ በሬሳ ላይ ዋሸሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ በሙስሊም መቃብር ተቀበሩ። ሰው «ማሻአላህ፣ ነፍስ አተረፍክ» እያለ ጨበጠኝ። ክፋቱ፣ ደስ አለኝ።

ይርጋ ወሬውን ከሌላ ሰው ሰምቶ ደወለ፤ እኔ ልደውልለት እንኳ አልደፈርኩም። «ጋሼ፣ እውነት ነው? እናቴ ሰልማ ነው የሞተችው?» አለኝ። ለቀስተኛው ዙሪያዬን ተቀምጧል። ወጣ ብዬ ባናግረው ምን ነበረበት? «አዎ፣ ሰልመው ነው» አልኩት። «እንግዲያማ የምን ሰባት እቀመጥላታለሁ?» ብሎ ዘጋው። እማማ ብርቄን እንደ ወጋቸው ያለቀሰላቸው ሰው የለም። ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ።

ልጄ ተድራ ወልዳለች። አላህ መሓሪ ነው፣ አውቃለሁ። የሰውን ሀቅ ግን ባለቤቱ አፉ ካላለ አላህም አይምረውም ብለው ነው ያስተማሩን። ባለሀቋ አፈር ውስጥ ናቸው። ይርጋ ግን አለ፣ ስልኩም አለኝ። እስከ ዛሬ አልደወልኩም። ስለዚህ አንተም አፉ አትበለኝ፤ ሀቁ ያንተ አይደለም።