ሁለት ጊዜ የመጣው ስድስተኛ ወር

ኻይ ለሰባተኛ ጊዜ እጁን ዘርግቶ ሲያስቆማት ሚየን ምን እንዳየ መጠየቅ ትታ ነበር። ሞተሯን ሳታጠፋ ገደሉ ጥግ አስጠግታ ጠበቀች። ኻይ ያየው ደመና ነው። ከሩብ ሰዓት በፊት ያየውም ደመና ነበር። ከኋላው የተፈናጠጠችው ሉዋ ወርዳ ቀይ ቀሚሷን ልታወጣ ወደ ሻንጣዋ መጣች። የሦስቱም ሻንጣ የታሰረው ሚየን ሞተር ላይ ነው፤ የሉዋ ደግሞ ከሁሉም ሥር።

"ፍቺልኝማ እህቴ፣ ደመናው ሳይሸሽ አንዲት ፎቶ ብቻ!"

"የትም አይሸሽም። ከሃኖይ ጀምሮ ስንሸሸው የከረምነው እኮ ደመና ነው። አልፈታም።"

ብላ ፈታችው። ሚየን እንዲህ ናት፤ አፏ እንቢ ሲል እጇ ገመድ ይፈታል። ሃኖይ ስትማር በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሉዋ የክረምት ካፖርት፣ የኻይ ብስክሌትና ባለቤቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ አንድ የሩዝ መቀቀያ ሁለት ዓመት አብረዋት ኖረዋል። የቡድን ሥራ ሲሰጣቸው የምትጽፈው እሷ ነበረች፤ ሲያልቅ ወገቡን ይዞ "ወይ ድካም!" የሚለው ኻይ። በሁለት ወር ስለሚበልጣት "ወንድም ጋሼ በይኝ" ይላታል። እሷም ትለዋለች፤ አባባሏ ግን ስድብ ነው።

የማስተርስ ጥናቷን የሠራችው የባሕር ጨው ወደ ሩዝ ማሳ ስለሚሰርግበት መንገድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ጨው ለካች። ሐምሌ መግቢያ ላይ ፈታኞቿ ፊት ቀርባ አለፈች። "ስንመረቅ ሰሜኑን ተራራ በሞተር እንዞራለን" ብለው ከተማማሉ የቆዩት ሦስቱ ጓደኛሞችም ወሩ ሲያልቅ ጓዛቸውን ጠቀለሉ። ጠቀለሉ ሲባል ሉዋ አወጣች፣ ኻይ ቆጠረ፣ ሚየን አሰረች።

ሚየን የምትነዳው ሞተር የአባቷ ነበር። አባቷ ናም ዲን ከተማ ዳር ሞተር ይጠግን ነበር፤ ጋራዡ ከቤቱ ጓሮ ነው። እናቷ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ምግብ አቅርባ ወደ ጓሮ ትጮሃለች፦ "ኧረ ምግቡ ቀዘቀዘ!" እሱም ከሞተር ሥር ሆኖ "መጣሁ፣ አንዲት ቡሎን ናት የቀረችኝ!" ይላል። አንዲቷ ቡሎን አንድ ሰዓት ትፈጃለች። መንገደኛ ሞተሩ ተበላሽቶበት ከደጁ ከቆመ እሱን ሳይሸኝ እህል አይቀምስም ነበር። እናቷ ለሃያ ዓመት ያኰረፈችው በዚህ አንድ ነገር ነው። ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ያቺን ጩኸት ከዚያ ወዲህ ከእናቷ አፍ የሰማት የለም።

ሉዋ በቀይ ቀሚስ ገደል ጫፍ ቆማ ሳለ የሚየን ስልክ ጮኸ። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

"ቅዳሜ በስንት ሰዓት ትደርሻለሽ?" አለች እናቷ፣ ሰላምታም የለ።

"የት ነው የምደርሰው?"

"የት ትለኛለች ደግሞ! የአባትሽ ሙት ዓመት ነዋ።"

"እማዬ፣ እሱ እኮ ባለፈው ወር አለፈ! አጎቴ ቤት ተደረገ። እኔ ፈተና ስለነበረብኝ ቀረሁ፣ ይቅርታ ጠየቅኩሽ፣ ምንም አይደለም አልሽኝ።"

"ምንም አይደለም ያልኩሽማ ቀኑ እሱ ስላልሆነ ነው።"

ሚየን ዓይኗን ጨፈነች። ገባት። በጨረቃ ሲቆጠር በየጥቂት ዓመቱ አንድ ወር ተደግሞ ይመጣል፤ አባቷ የሞተው በተደገመው ስድስተኛ ወር፣ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ነበር። ጳጉሜን ስድስት ቀን የተወለደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የራሱ ቀን እስኪመለስለት በተውሶ ቀን ይኖራል። ስድስተኛው ወር አንድ ብቻ በሚሆንበት ዓመት ሁሉ ሙት ዓመቱን በዚያው ሲያደርጉ ኖረዋል። ዘንድሮ ግን ወሩ ከስምንት ዓመት በኋላ እንደገና ሁለት ሆነ። የአባቷ ታላቅ ወንድም "ደንቡ በመጀመሪያው ነው" ብሎ በመጀመሪያው አደረገ። እናቷም ሄደች፣ በላች፣ ዝም አለች፣ ከዚያ ቤቷ ገብታ ቀን መቁጠር ጀመረች።

"አጎቴ ደንቡ በመጀመሪያው ነው አለ አይደል?"

"እሱ ይበል! በመጀመሪያውማ አባትሽ ደህና ነበር፣ ጣራ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ይመታ ነበር። ጣራ ላይ ላለ ሰው ነው ዕጣን የማጨሰው?"

"ታዲያ ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?"

"የአባት ቀን ለልጅ ይነገራል?"

ሚየን ስልኩን ገደል ብትወረውረው ደስ ባላት ነበር። እናቷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ከዚህ በኋላ የሚመለሰው ካሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። እኔ እስከዚያ ለመኖሬ ማን ዋስ ይሆነኛል? ምግቡ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይቀርብለታል። ዕጣኑ ነዶ እስኪያልቅ እሱ ይበላል፤ ከዚያ ይነሳና እኛ እንበላለን። ዕጣኑ ሳያልቅ ከደረስሽ ከአባትሽ ጋር በላሽ። ካለቀ ደግሞ ከአጎትሽ ጋር ትበያለሽ።" ዘጋችው።

አንዲት የዕጣን እንጨት ብትበዛ አንድ ሰዓት ትነዳለች። ሚየን ከዚህ ተራራ እስከዚያች አንድ ሰዓት ያለውን መንገድ በልቧ ለካችው።

"እኔ ወደ ቤት ልሄድ ነው" አለች፣ የሁለቱን ሻንጣ ከሞተሯ እያወረደች። "እናንተ ቀጥሉ።"

ሉዋ ቀሚሷን እንደሰበሰበች ቆመች። "የእሑዱ ገበያስ? የመጣነው እኮ ለሱ ነው!"

"ስልኬም ደንቡ በመጀመሪያው ወር ነው ይላል" አለ ንግግሯን የሰማው ኻይ፣ ስልኩን እያሳያት። "ተመልከቺ።"

"ስልክህ አባት አለው እንዴ፣ ወንድም ጋሼ?"

ኻይ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እሱና ሉዋ ተያዩ፣ አንሾካሾኩ። ከዚያ ሉዋ እንባ ባቀረረ ዓይን ሚየንን አቀፈቻት። "ብቻሽን አንለቅሽም። አብረን እንሄዳለን።" ሻንጣዎቹም ተመልሰው ሚየን ሞተር ላይ ወጡ። እውነቱን እንናገርና፣ ሚየን በዚያች ሰዓት ብቻዋን ቢለቋት ዕድሜዋን ሙሉ ታመሰግናቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። የን ሚን ከተማ ከመድረሳቸው በፊት ተራራው ተንዶ መንገዱን ዘጋው። መንገዱ ዳር የሚኖሩ አባባ ቫንግ የሚባሉ ሽማግሌ አስጠጓቸው። አርብ ጠዋት መንገዱ ተጠርጓል ሲባል ሚየን ቁልፏን ይዛ ተነሳች። አባባ ቫንግ ግን የበቆሎ አረቄያቸውን ይዘው በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

"እንግዳ ሳይጠጣ ከቤቴ አይወጣም፣ ልጄ።"

"አባባ፣ የአባቴ ሙት ዓመት ነው፣ እቸኩላለሁ።"

"እንግዲያማ ለአባትሽም አንድ ይጠጣለታል!"

በዚያ አገር አንዲት ስኒ ከተጠጣች በኋላ ከጠጪው ጋር እጅ መጨባበጥ ግድ ነው። በቤቱ ውስጥ ዘጠኝ ሰው አለ። ሚየን አንዷን ተቀብላ፣ ዘጠኙንም ጨብጣ፣ በሩ ላይ ቆመች። ኻይ ግን ከዘጠኙም ጋር ጠጣ፣ ከዘጠኙም ጋር ተጨባበጠ፣ በመጨረሻም ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካፖርት እጅጌ ጋር ተጨባበጠ። ስካሩ እስኪበርድለት ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ሚየን ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። ሊነዳ የማይችልን ሰው ገደል ዳር ጥላ መሄድ ደግሞ አልሆነላትም።

እንዲህ ሆነው ማታ ሃ ዛንግ ከተማ ደረሱ፣ ሞተሮቹን አውቶቡስ ሆድ ውስጥ አስጭነው ቅዳሜ ማለዳ ሃኖይ ወረዱ። አሁን የቀረው ሁለት ሰዓት ተኩል የማይሞላ መንገድ ነው። ሚየን ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ አገኘች።

"ፍራፍሬ ሳንይዝ?" አለች ሉዋ።

ልክ ነበረች። ሙት ዓመት ባዶ እጅ አይኬድም። ነገር ግን ሉዋ ከሦስት ሻጭ ጋር ተከራክራ፣ ሐብሐቡን ሁሉ በጣቷ አንኳኩታ፣ በመጨረሻ የመጀመሪያው ሻጭ ጋ ተመልሳ ስትገዛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አለፈ። ከዚያ ደግሞ ኻይ ስልኩን አየና "አቋራጭ አለ፣ በወንዙ ግድብ ላይ" አለ። ሚየን የኻይን አቋራጭ ከዚህ በፊት ታውቀዋለች። ግን ዋናው መንገድ በመኪና ታፍኖ ነበርና እንደለመደችው አፏ እንቢ እያለ መሪዋን አዞረች።

ግድቡ መሀል ላይ፣ ግራ ቀኙ ሩዝ ማሳ ብቻ የሆነበት ቦታ፣ የኻይ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። በዚህ አገር በየመቶ እርምጃው ጎሚስታ አለ፤ ግድብ ላይ ግን ዳክዬ ብቻ ነው ያለው። ሰዓቱ አራት ሊሞላ ነው።

"ሂጂ" አለ ኻይ። ይህን ሲል ቀልድ አልነበረውም። "የምሬን ነው ሚየን፣ ሂጂ። እኛ እየገፋን እንመጣለን።"

ሚየን መንገዱን አየች። ሞተሯን አስነሳች። ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄዳ በመስተዋቷ ስታይ ኻይ ሞተሩን ለመግፋት እየታገለ፣ ሉዋ ሐብሐብ ታቅፋ ከኋላው ታዘግማለች። ሚየን አባቷን፣ ኻይን፣ ግድቡን፣ የጨረቃን ቆጠራ በጠቅላላ አንድ ላይ ረገመችና ተመለሰች።

"የተበላሸ ሞተር መንገድ ላይ ጥዬ ልሂድ?" ብላ ጮኸችበት፣ ይህን እንዳላት ሁሉ። "ቁም! ያዝልኝ! በዚያ በኩል አይደለም፣ በዚህ!"

ከመቀመጫዋ ሥር የአባቷን መፍቻዎች የያዘውን ጨርቅ አወጣች። ጎማውን ፈታች፣ የውስጡን ከመነዳሪ አወጣች፣ ሚስማሩን አገኘችው፣ ላስቲኩን ለጠፈች። ቸኩላ ስለለጠፈችው ሲነፉት እንደገና ተነፈሰ። አባቷ ማስቲሹ ሳይደርቅ የሚለጥፍን ሰው "ይሄ ለራሱ ነው እንጂ ለሞተሩ አይደለም የሚሠራው" ይል ነበር። ሁለተኛውን በትዕግሥት አደረገችው፤ ማስቲሹ እስኪደርቅ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አሁን ሰዓቱ ከአምስት አልፏል። ዕጣኑ ነዶ አልቋል፣ አባቷ በልቶ ተነስቷል። እናቷ ጋ ደወለች፤ አታነሳም።

የቤታቸው ደጅ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ሆኗል። አጎቷ በሩ ላይ ቆሞ ሆዱን ይዟል።

"አሁን ገና መጣሽ?" አለ። "እናትሽ አብዳለች! ግቢና ንገሪያት!"

ቤቱ ሙሉ ዘመድ ነው፤ ምግቡን የነካ ሰው ግን የለም። የተቀቀለው ዶሮ፣ የሚጣበቀው ሩዝ፣ የቀርከሃ ቡቃያ ሾርባው፣ ሁሉም ከአባቷ ፎቶ ፊት እንደቀረበ ነው። ሕፃናቱ የዱባ ፍሬ ይቆረጥማሉ። እናቷ ከፎቶው ሥር ቆማ፣ ሊያልቅ ሁለት ጣት የቀረውን ዕጣን በዓይኗ እየጠበቀች አዲስ እንጨት አዘጋጅታለች።

"አራተኛዋ ናት!" አለ አጎቷ። "ባለቀች ቁጥር ሌላ! በሕይወቱ አሥር ደቂቃ ገበታ ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ከረፋድ ጀምሮ ይበላል?"

"ገና አልጠገበም" አለች እናቷ፣ ዞር ሳትል። "የሚጠብቀው ሰው አለ።"

ከዚያ ዞረች። ልጇን ከጸጉሯ እስከ ጫማዋ አየቻት፤ ዓይኗ እጆቿ ላይ ቆመ። እስከ ክርኗ ጥቁር ዘይት ነው።

"የማን ሞተር ነው የተበላሸው?"

"የኻይ ጎማ ነው፣ እማዬ። ግድብ ላይ… ጥዬው መምጣት…"

"በዚህ እጅ ገበታ አትቀርቢም። ሂጂ ታጠቢ።"

ሚየን ወደ ጓሮ ወጣች። የአባቷ ጋራዥ እንደነበረ ነው፤ ዘይት ማስለቀቂያው ሳሙናም በቆርቆሮው ክዳን ላይ ደርቆ ተቀምጧል። ውኃ ቀዳች፣ አሸች። ዘይቱ አልለቅ አለ። እንደገና አሸች። ከቤት ውስጥ የሳህን ኮሽታና የአጎቷ ማጉረምረም ይሰማል። ከዚያ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ስምንት ዓመት ያላወጣችው ድምፅ፣ እንደ ድሮው በቁጣ፦

"ኧረ ምግቡ ቀዘቀዘ!"

ሚየን እጇ ሳሙናው ውስጥ እንዳለ ቀጥ አለች።

"መጣሁ" አለች፣ "አንዲት ቡሎን ናት የቀረችኝ!"

ቤት ውስጥ የሕፃናቱ ቁርጥምጥም ቆመ። እናቷ ዞር ብላ የባሏን ፎቶ አየች። ከጠዋት ጀምሮ ስለ ደንብና ስለ ሆዱ ሲያጉረመርም የዋለው አጎቷ ተነሳ፤ የወንድሙ ፎቶ ፊት ሄደ፣ አራተኛዋ ዕጣን እያለቀች መሆኗን አየ፣ ክብሪቱን አንስቶ አምስተኛዋን ራሱ ለኮሰ።