ጣት ወይስ ጎፈሬ

ቆቦ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሰው የከተማውን ወሬ ሳይፈልግ ይሰማል። እኔም ስለዚያ ጊታሪስት የሰማሁት በሙሉ ከኋላ ወንበር የመጣ ነው። ተሳፋሪው ገና እግሩን ሳያስገባ ክርክሩን ይጀምረዋል። አንዱ «እንደሱ ያለ ጣት በዚህ አገር አልተፈጠረም» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ «የምን ጣት? ያ ጎፈሬ ባይኖር ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?» ይላል። ቀጣዩ ከተማ ሮቢት እስክንደርስ እንደተፋጠጡ ናቸው። ከወረዱም በኋላ መንገዱ ዳር ቆመው ሲጨቃጨቁ ትቻቸው እመለሳለሁ።

ልጁ የቆቦ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ አንድ ኤሌክትሪክ ጊታርና አንድ ቀይ የቆዳ ጃኬት ይዞ መጣ። ፍየል እንኳ ጥላ ፈልጋ በምትተኛበት በቆቦ ሙቀት ያንን ጃኬት እስከ አንገቱ ቆልፎ ይዞራል። ፀጉሩን እንደ ድሮ የራያ ጎበዝ አጎፍሮ፣ ቅቤ አስነክቶ፣ የእንጨት ሚዶ ይሰካበታል። የራያን የጉማዬ ዘፈን ወስዶ ሮክ አደረገው። ጊታሩ ይጮሃል፣ እሱ ይንበረከካል፣ ይነሳል፣ ጊታሩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ይመታል፣ ሲብስበት በጥርሱ ይነካዋል። ሰርግ ቤት እሱ ካለ ሙሽሮቹን የሚያይ የለም።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ጣቱ ነው የሚሉት «ጣቶች»፣ ጎፈሬው ነው የሚሉት «ጎፈሬዎች» ተባሉ። ጁስ ቤት ውስጥ ይከራከራሉ፣ የባጃጅ ተራ ላይ ይከራከራሉ፣ ማሽላ የሚጠብቁት ልጆች ሳይቀሩ ወፍ ማባረሩን ትተው ከማማ ማማ እየተጠራሩ ይሰዳደባሉ። አንድ ከጎብዬ የመጡ አባት ባጃጄ ውስጥ ሆነው «እኛም በጉብዝናችን ጊዜ እንዲህ ያለ ጠጉር ነበረን፤ ግን ማንም ለጠጉራችን አላጨበጨበልንም» ሲሉ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ባጃጁን አቆምኩ። እኔ ከጎፈሬዎች ነበርኩ። ከጎፈሬዎች ብቻ? አለቃቸው ነበርኩ እንጂ!

የኔ ፀጉር ገና ሃያ አምስት ሳይሞላኝ ነው ጥሎኝ የሄደው። አባቴም እንደዚያው ነበር። እና አንድ ሰው ጎፈሬ ስላበቀለ ብቻ አገር ሲያብድለት ሳይ ደሜ ይፈላል። ይሁን፣ አገሩ ይበድ። የኔ ችግር አገሩ አልነበረም።

የኔ ችግር እጮኛዬ ነበረች። ሮቢት ከተማ ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ጠዋት ጠዋት የማደርሳት እኔ ነኝ፤ የተዋወቅነውም የተጫጨነውም በዚያው ባጃጅ ነው። አንድ ጠዋት ስልኳ ላይ አቀርቅራ፣ የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ ፈገግ ስትል በስፖኪዮ አየኋት። እሷን ሳይ መንገድ የሚያቋርጥ ግመል ልገጭ ለትንሽ ተረፍኩ።

«ምን እያየሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ ያስቃል?»

«ጊታር ነው የምሰማው፣ አንተ ደግሞ!»

«ጊታር ይሰማል እንጂ ይታያል እንዴ?»

«ጣቱን ነዋ የማየው! ጣቱ እንዴት እንደሚሮጥ አይተህ ታውቃለህ?»

«እኔ ያየሁት ጎፈሬ ነው። ያ ጎፈሬና ያ ጃኬት ባይኖሩ ባዶ ነው! ባዶ!»

«ጆንያ ለብሶ ቢመጣ ለኔ ያው ነው» አለችኝ። «እኔ የወደድኩት እጁን ነው። ለመሆኑ ቅናት ነው እንዴ?»

«የምን ቅናት!» ብዬ ነዳጁን ጠመዘዝኩት።

ቅናት ነበር እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ሌሊት ተኝቼ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ይቺ ልጅ የምትወደው ሙዚቃውን ነው ወይስ ሰውየውን? ሙዚቃውን ከሆነ ምንም አይደል። ሰው የአናጢም እጅ ያደንቃል፣ የሐኪምም እጅ ያደንቃል፤ አድንቆ ወደ ቤቱ ይገባል። ሰውየውን ከሆነ ግን እኔ ምን አለኝ? ባጃጅና ኮፍያ። እሷ «እጁን ነው» ባለች ቁጥር ትንሽ እረፍት ይሰማኛል፤ ወዲያው ደግሞ ስልኳን አቀርቅራ አያታለሁና እረፍቱ ይጠፋል።

ሰርጋችን ለጥር ተቆረጠ። እሷ ቤተሰቦቼን አስቸግራ አታውቅም፤ ልብሱን እናቴ ትምረጥ አለች፣ ዳሱ የትም ይሁን አለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። እሱ ይጫወትልን።

«ሙሽራው እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» ብዬ ጮህኩባት።

«አንተ ነህ። ግን አንተ ጊታር አትችልም» አለችና ሳቀች።

ጓደኛዬ፣ ተራ ላይ አብሮኝ የሚሰራው፣ ሚዜዬም የሆነው፣ ከጣቶች ወገን ነው። «አብሽር ወንድሜ፣ ሰርግ የአንድ ቀን ነገር ነው። ተጫውቶ ይሄዳል፣ እሷ ካንተ ጋር ትቀራለች» አለኝ። እሺ አልኩ፤ ሆዴ ግን እሺ አላለም። ያን ወር ሙሉ ሰርጌን ሳስብ የሚታየኝ ያ ሰውዬ እሷ ፊት ተንበርክኮ ጊታር ሲመታ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ የጊታሪስቱ እናት አረፉ።

ከጓደኛዬ ጋር ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ልጁን በዓይኔ ፈለግሁት፣ አጣሁት። ጓደኛዬ በክርኑ ሲነካኝ ነው ፊት ለፊታችን የተቀመጠው እሱ መሆኑን ያወቅሁት። በወጉ ለሐዘኑ ተላጭቷል። ሙልጭ! ጭንቅላቱ እንደ ተላጠ ሽንኩርት፣ ለካ ትንሽ ነው፤ ጆሮዎቹ ደግሞ ለካ ትልልቅ ናቸው። ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አቀርቅሯል። ቀርቤ «እግዜር ያጽናህ» አልኩት። አፌ ነው ያለው። ሆዴ ውስጥ ግን እልልታ ነበር። እናቱን ለቀበረ ሰው እንዲህ ማሰብ ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እልልታ ነበር።

እጮኛዬ በዚያ ሳምንት ለሰርጉ ዝግጅት ወልድያ ዘመዶቿ ጋ ነበረች። ስትሰማ ደወለችልኝ። «ያሳዝናል። እናቱን ቀብሮ እንዴት ሰርግ ይጫወታል? ይቅር፣ ሌላ ባንድ እንፈልግ» አለችኝ።

«በፍጹም!» አልኩ። «የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው። አርባው ይወጣል፣ ከዚያ ይመጣል። የወደድሽው እጁን አይደል? እጁ አለ!»

«አንተ እኮ ጥሩ ሰው ነህ» አለችኝ። ስለ መላጨቱ ትንፍሽ አላልኩም። መላጣውን ራሷ ታየዋለች፣ ባዶ መሆኑን ራሷ ትሰማለች፣ ከዚያ ይህ ጉዳይ ላንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ይዘጋል። ሐሳቤ ይህ ነበር።

አርባው እንደወጣ ራሴ ሄጄ ጠየቅሁት። «እናቴ ሰርግ ትወድ ነበር» አለኝ። «እመጣለሁ። ግን እንደ ወትሮው አልዘልም፣ አትቀየመኝ ወንድሜ።»

«ኧረ ምን ገዶኝ! እንደፈለግህ ተጫወት» አልኩት።

የሰርጉ ቀን ዳሱ ሞልቶ ለእስላሙ ዘመድና ጎረቤት ለብቻ የታረደው ቀርቦ፣ የኛም ቀርቦ፣ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ባንዱ ገባ። እሱ በጥቁር ሸሚዝ ነው። ራሱ ላይ ያለው ፀጉር የጢም ያህል ነው። ዝም ብሎ ገብቶ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰዉ «ይሄ ማነው?» ይላል። «እሱ ነው እንዴ? ወይ ጉድ!» ይላል። ጣቶች ነን ሲሉ የነበሩት ኮረዶች ከፍ አድርገው የያዙትን ስልክ ቀስ እያሉ ዝቅ አደረጉ። እኔ የማየው እሷን ነው። መጀመሪያ አላወቀችውም። ስታውቀው ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ጠፋ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ ጉማዬውን ጀመረው። በቀስታ ነው። አልዘለለም፣ አልተንበረከከም፣ ዓይኑንም ከክሩ ላይ አላነሳም። እኔ ሙዚቃ አውቃለሁ አልልም፤ ግን ያን ቀን ጊታሩ የሚለው ነገር ገባኝ። ልጅነቴ ታየኝ፣ ከአባቴ ጋር ማሽላ ያጨድንበት ማሳ ታየኝ፣ የሞቱ ዘመዶቼ ዳሱ ውስጥ የገቡ መሰለኝ። አሮጊቶቹ ተነሱ። ለዓመታት ሲጨፍር አይቼው የማላውቀው አጎቴ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ጓደኛዬ ጆሮዬ ስር መጥቶ «ወላሂ ይሄን ሰውዬ ዛሬ ገና ሰማሁት!» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። የኔም እንደዚያው።

እና ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ፤ ቅናቴ ለቀቀኝ። አንድ ዓመት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነስቶ ሄደ። ለካ እውነቷን ነው! ለካ ጣት አለው! እንዲህ ያለ ጣት ያለውን ሰው ብታደንቅ ምን ይደንቃል? እኔስ እያደነቅሁት አይደል? ተሸነፍኩ፣ መሸነፌም እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። በሙሽራ ወግ ኮስተር ብዬ መቀመጥ ሲገባኝ «አንቺ ነሽ ልክ፣ ጣቱ ነው» ልላት ወደሷ ዞርኩ።

የቬሏን ጫፍ እያስተካከለች ነበር። መድረኩን አታይም። መዞሬን ስታይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ምነው ዛሬ?» አለችኝ። «ምንም አልሆነለትም። ሌላ ባንድ ብናመጣ ይሻለን ነበር።»

አጎቴ ይጨፍራል፣ ሰዉ ያለቅሳል፣ እሷ ቬሏን ታስተካክላለች። ዓመቱን ሙሉ በባጃጁ ኋላ ወንበር ላይ ስታዳምጠው የነበረው ምን እንደሆነ እዚያው የሙሽራ ወንበር ላይ ሆኜ ገባኝ።

ከሰርጉ በኋላ እኔ የጣቶች አለቃ ሆንኩ። ከተማው ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። ቤት ውስጥ ራት ላይ እጀምራለሁ፤ «የሰርጋችን ዕለት እንዴት እንደተጫወተ አልሰማሽም? ጣቱን አላየሽም? በይ እንጂ፣ ጣቱ ነው በይ!» እሷም ትገረማለች። አንድ ማታ ልታስደስተኝ ብላ ጉርሻ አጉርሳኝ «እሺ የኔ ጌታ፣ አንተ ነበርክ ልክ። ጎፈሬው ነው። አሸነፍክ» አለችኝ።

ነሐሴ ላይ፣ በሶለል በዓል ሰሞን፣ ልጃገረዶቹ ተሰባስበው በሚጨፍሩበት ሜዳ መድረክ ተሰራ። እሱ ይጫወታል ተባለ። «ትወስደኛለህ?» አለችኝ። ወሰድኳት። ፀጉሩ አድጓል፣ ሚዶው ተሰክቷል፣ ቀዩ ጃኬት ተቆልፏል። ዘለለ፣ ተንበረከከ፣ ጊታሩን ማጅራቱ ላይ አደረገ፤ እዚያ ላይ እንዳለ ዜማውን ሳተው፣ ሊመለስ ሞከረ፣ ደግሞ ሳተው። እኔ አሁን ጆሮ አለኝ፣ ይሰማኛል። ሚስቴ ክንዴን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ በእግር ጣቷ ጫፍ ቆማለች።

«ሰማኸው?» አለችኝ። «እጁ ተመለሰ እኮ!»

«ሰማሁ» አልኳት፤ እሷ ግን ወደኔ አልዞረችም።