የበሺር ገመድና የዋሻው ውሃ

በሺርን በደንብ አውቀዋለሁ ብል ዋሽቼ ነው። ኮምቦልቻ ገበያ ዳር ተቀምጦ ቃጫ ሲገምድ አየዋለሁ። አንድ ቀን የፍየል ማሰሪያ ገዝቼው «ይበርክልህ» ብሎኛል፤ በእኔና በእሱ መካከል ያለው ይኸው ነው። የቀረውን የሰማሁት ከእህቱ ከዘሀራ ነው። እሷ እንዳወጋችኝ አድርጌ መጻፍ ከቻልኩ ይበቃኛል።

የተወለዱት ከቢስቲማ ወደ ቆላው በሚያወርደው መንገድ፣ ነጭ ድንጋይ በበዛበት መንደር ነው። ከመንደሩ በላይ ውሃ የሞላው ዋሻ አለ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ምንጩ ሁሉ ሲነጥፍ የዋሻው ውሃ ንቅንቅ አላለም። ባለሥልጣኖቹ ግን ቁርጡን ተናገሩ፦ ዋሻው የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚያስተክል ውሃ ካለው መንደሩ ባለበት ይቆያል፤ ከሌለው ሰው ሁሉ ለሰፈራ ወለጋ ይጫናል።

ይህን እንዲያጣራ ፈንታሁን የሚባል የድንጋይ ባለሙያ ከደሴ መጣ። ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ ለሰዉ ሲያስረዳ ዘሀራ ከሴቶቹ መሀል ነበረች።

«ይህ ነጭ ድንጋይ ጥንት የባሕር ወለል ነበር» አለ። «የቀንድ አውጣው ቅርፊት ሁሉ ተጋግሮ ነው ድንጋይ የሆነው።»

«ታዲያ ባሕሩ ዘንድሮ የት ጠፋብን፣ ጓድ ፈንታሁን?» አለች አንዷ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ።

«ዝናብ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ይኮመጥጣል። የኮመጠጠው ውሃ ድንጋዩን ይልሰዋል። ስንትና ስንት ሺህ ዘመን ሲልሰው ጓዳ ከጓዳ ይከፈትበታል።» ባትሪውን ወደ ውሃው አበራ። «እዚያ ታች እንደ ላም ጡት የተንጠለጠለው ይታያችኋል? እሱ ጠብታ በአየር ላይ ሲንጠባጠብ እንጂ ውሃ ውስጥ አያድግም። ዋሻው ያኔ ባዶ ነበር ማለት ነው፤ ውሃው ኋላ ከሥር መጥቶ ዋጠው።»

«ጥልቀቱስ?» አለ በሺር።

«እሱን ያንተ ገመድ ይንገረን። ሃያ ሜትር ካለፈ ሞተሩን እኔው እጠይቅላችኋለሁ።»

በሺር ሲገምድ አመሸ፤ በየሜትሩም ቋጠሮ አበጀለት።

እናታቸው ሸሪፋ እህል ስትሰፍር «አንድ» አትልም፤ «በረካ» ብላ ነው የምትጀምረው። የመጨረሻውን ስፍርም ሳትቆጥር ታልፈዋለች። በማግስቱ ጠዋት ልጇን ደጃፍ ላይ ያዘችው።

«በሺርዬ፣ አላህ የሸፈነውን ታቹን አትግለጥብን። የተለካ ነገር በረካው ይሸሻል።»

«እማ፣ ካልተለካ እኮ ያስነሱናል።»

«ውሃው እያለ ማን ነው የሚያስነሳን? አደራ ብያለሁ፣ ወላሂ!»

በሺር ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።

ከዋሻው አፍ በደረቱ ተኝቶ፣ ድንጋይ ያሰረበትን ገመድ ለቀቀው። ዘሀራ ከኋላው ጥቅልሉን ትፈታለታለች። ቋጠሮው በመዳፉ ባለፈ ቁጥር ፈንታሁን ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አሥራ ሁለት ላይ ገመዱ ቆመ።

«ነካ» አለ በሺር።

«እርግጠኛ ነህ? እንዲህ ያለ ዋሻ እኮ እርከን አለው፤ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይሆናል።»

«ነካ አልኩ!»

ድንጋዩ ሲወጣ ታጥቦ ጠርቷል፤ ጭቃ የሚባል ነገር የለበትም። ፈንታሁን አገላብጦ አየው። «ታቹም ድንጋይ ነው ማለት ነው» አለ ቅር እያለው። ወዲያ ጠጋ ብሎ ሌላ ቦታ እንሞክር ሊል ሲል፣ በሺር ገመዱን ጠቅልሎ ወደ መንደር ቁልቁል መውረድ ጀምሮ ነበር።

ሃያው ሜትር ስላልሞላ፣ ረመዳን ሳይገባ የሰፈራው መኪኖች መጡ። በሺር ያን ቀን ገመድ ሊሸጥ ኮምቦልቻ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ያገኘው በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ባዶ ቤት ነው። እናትና እህቱን ወለጋ ወሰዷቸው፤ ሸሪፋን እዚያ በመጀመሪያው ክረምት ወባ ገደላት።

ዘሀራ አምልጣ ኮምቦልቻ የደረሰችው በሰማንያ ነው። ወንድሟን ቤቱ ውስጥ ከቃጫው መሀል አገኘችው። ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እናታቸው የት እንደተቀበረች ጠየቃት፣ ነገረችው። ኋላ ቀና ስትል ያ ባለ ቋጠሮ ገመድ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«እሱን አልሸጥከውም?»

«እሱ አይሸጥም።»

«በመንደራችን በኩል ነው ያለፍኩት» አለች። «ማገዶ የሚለቅም እንኳ የለም። የዋሻው ውሃ ግን ያው ነው፤ ስንዝር አልጎደለም።»

በሺር ቃጫውን ጭኑ ላይ ማሸት ያዘ።

«በሺር፣ ያን ቀን ድንጋዩ ጭቃ አልነካውም። ያቆመው የዋሻው ጠርዝ ነው፣ ወይስ ያንተ እጅ? እማ ታቹን አትግለጥ ስላለችህ ነው?»

እጁ ቆመ። «ልትሞት ስትል ስሜን ጠራችው?»

«ጠርታሃለች። በሺርዬ እንዳለች ነው ያለፈችው። ይልቅ እኔን መልስልኝ።»

ቃጫውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አወጣና አንዱን ጫፍ ወደ እሷ ዘረጋ።

«እሱን አትጠይቂኝ፣ እህቴ። ይልቅ ይቺን ጫፍ ያዥልኝ።»